ሰርቪስ ቤት በሎስ አንጀለስ፦ ጓሯችሁ ላይ ኤዲዩ ለመሥራት

አገር ቤት ሰርቪስ የሌለው ግቢ ብርቅ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ አጥር ተደግፎ ይሠራል። አንዱ ክፍል ኩሽና ነው፣ ሌላው ውስጥ ተከራይ አለ፣ ወይም ለትምህርት ከገጠር የመጣ ዘመድ ያድርበታል። ሎስ አንጀለስ ላይ ያው ሰርቪስ ኤዲዩ ይባላል። የራሱ በር፣ የራሱ ወጥ ቤትና የራሱ መታጠቢያ ያለው፣ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሁለተኛ ቤት ማለት ነው።

ትንሿ ኢትዮጵያ በምትባለው ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዞ ስለ ኤዲዩ የማያወራ ሐበሻ ጠፍቷል። አንዱ እናቱን ሊያመጣ ነው፤ ሌላው ሞርጌጁን የሚያግዝለት ኪራይ ፈልጎ ነው። ወሬው ግን ግማሹ ያረጀ ነው። «ከተማው አይፈቅድም»፣ «ፓርኪንግ ከሌለህ አትልፋ»፣ «ራስህ ካልኖርክበት አይሆንም» የሚባለው የድሮ ነገር ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2017 ጀምሮ፣ በተለይም ከ2020 ወዲህ፣ ከተሞች እምቢ የሚሉባቸውን ሰበቦች አንድ በአንድ ነጥቋቸዋል። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ጋራዤን ለእናቴ ቤት ሳደርግ ያስቸገረኝ ሕጉ አልነበረም። ቅደም ተከተሉን አለማወቄ ነው። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

1. ቦታችሁን እወቁ

ፖስታችሁ ላይ «ሎስ አንጀለስ» ስለተባለ ብቻ ቤታችሁ በሎስ አንጀለስ ከተማ ሥር ነው ማለት አይደለም። ላዴራ ሃይትስና ቪው ፓርክ በካውንቲው ሥር ናቸው። ኢንግልውድ፣ ሆውቶርንና ከልቨር ሲቲ ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው። የግዛቱ ሕግ ሁሉም ጋ ይሠራል። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ፣ ክፍያውና ዝርዝር ደንቡ ግን ይለያያል። ጎረቤት ከተማ ያለ ጓደኛችሁ የከፈለውን ሰምታችሁ ለራሳችሁ በጀት አታውጡ።

በከተማው ሥር ከሆናችሁ ዚማስ የሚባለውን የከተማውን የካርታ ድረ ገጽ ክፈቱ። ነፃ ነው። አድራሻችሁን ስታስገቡ የቦታውን ስፋትና ዞኑን ያሳያችኋል። ከዚያ ሦስት ነገር ፈልጉ። ቤቱ በተራራማ ቀጠና ውስጥ ነው? በጣም ከፍተኛ የእሳት አደጋ ቀጠና ውስጥ ነው? በታሪካዊ ቅርስነት በተከለለ ሰፈር ውስጥ ነው? ሦስቱም መልስ «አይደለም» ከሆነ መንገዱ ቀና ነው። ከአንዱ ጋር ከተገናኛችሁ ደንቡ ይጠነክራል፤ አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት ከተማውን ጠይቁ።

ቀጥሎ ቢልዲንግ ኤንድ ሴፍቲ ከሚባለው መሥሪያ ቤት የቤታችሁን የድሮ ፐርሚቶች (የግንባታ ፈቃዶች) አውጡ። ይህም በኢንተርኔት ይገኛል። ጋራዡ በፈቃድ የተሠራ ነው? ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ሳያስፈቅድ የቀጠለው ክፍል አለ? ይህን ፈቃድ ጠይቃችሁ ወረፋ ላይ ሳላችሁ ከመስማት አሁን ማወቁ ይሻላል።

ከዚያ ጓሮ ውጡና ቀና በሉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የመብራት ገመድ በብዙ ቤቶች ጓሮ በኩል ነው የሚያልፈው። የከተማው የውሃና መብራት ድርጅት በገመዱና በጣሪያው መካከል የተወሰነ ርቀት ይፈልጋል። ለምሰሶና ለቧንቧ የተተወ መሬት ካለም እዚያ ላይ መሠረት አይቆፈርም። ፕላኑ ተሥሎ ካለቀ በኋላ በዚህ ምክንያት ቤቱን ሁለት ሜትር ለማሸሽ የተገደደ ሰው አውቃለሁ። የፍሳሹ መስመር የት ጋ እንዳለም እዩ። ዋናው መስመር በፊት ለፊት ከሆነና ጓሮው ዝቅ ካለ ፍሳሹ በራሱ አይወርድም፤ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ፓምፕ ደግሞ ገንዘብ ነው።

2. የትኛው ዓይነት እንደሚያዋጣችሁ ወስኑ

ያለውን ጋራዥ መቀየር አለ። አዲስ ቤት ጓሮ ላይ ለብቻው ማቆም አለ። ከዋናው ቤት ጋር አያይዞ መቀጠል አለ። አራተኛው ጁኒየር ኤዲዩ ይባላል፤ ይህ ከዋናው ቤት ግድግዳ ሳይወጣ የሚሠራ፣ ከ500 ስኩዌር ፊት የማይበልጥ ትንሽ ቤት ነው። ትንሽ ወጥ ቤት ይበቃዋል። መታጠቢያውን ከዋናው ቤት ጋር ሊጋራ ይችላል፤ ከተጋራ ግን ባለቤቱ እዚያው ግቢ መኖር አለበት።

ለመደበኛው ኤዲዩ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ሁለቱንም ቤት አከራይታችሁ ሌላ ቦታ መኖር ትችላላችሁ። ይህ መጀመሪያ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ በኋላ በወጣው ሕግ ቋሚ ሆኗል።

አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ላይ አንድ ኤዲዩና አንድ ጁኒየር ኤዲዩ አብረው ይፈቀዳሉ። የመኖሪያ ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆናችሁም ማኅበሩ ሊከለክላችሁ አይችልም። ስለ ቀለምና ስለ ጣሪያ ቅርጽ ምክንያታዊ ደንብ ሊያወጣ ይችላል፤ ከዚያ አያልፍም።

3. ቁጥሮቹን ያዙ

ከከተማው ሠራተኛም ሆነ ከአርክቴክት ጋር ስትነጋገሩ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ 800 የሚለው ቁጥር ነው። እስከ 800 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም 74 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነ ኤዲዩ ከጎንና ከኋላ አጥር 4 ጫማ ከራቀና የከፍታ ገደቡን ካከበረ፣ ከተማው «ቦታህ ጠባብ ነው»፣ «ግቢህን ሞላኸው» ብሎ ሊከለክል አይችልም። በቦታችሁ ላይ የሚፈቀደው የግንባታ ስፋት ሞልቶ ቢሆን እንኳ።

ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ በሎስ አንጀለስ ከተማ ለብቻው የሚቆም ኤዲዩ እስከ 1,200 ስኩዌር ፊት ይሄዳል። ያኔ ግን የዞናችሁ ሌሎች ደንቦች ይመጣሉ። ከፍታው ቢያንስ 16 ጫማ ይፈቀዳል፤ ከትልቅ የባቡር ወይም የአውቶቡስ ጣቢያ በግማሽ ማይል ውስጥ ከሆናችሁ 18።

ፓርኪንግን በተመለከተ፣ ቤታችሁ ከሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ ማይል የእግር መንገድ ውስጥ ከሆነ ለኤዲዩው ፓርኪንግ አይጠየቅም። ጋራዡን ስታፈርሱ ወይም ስትቀይሩም የጠፋውን ፓርኪንግ ተኩ አትባሉም። ጎረቤቶቻችሁ ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም፤ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ጥሩ ነው። ሕጋዊ ፈቃዳቸው ግን አያስፈልጋችሁም።

ሌላው ቁጥር 750 ነው። እስከ 750 ስኩዌር ፊት የሆነ ኤዲዩ ለመናፈሻና ለመንገድ ከሚባለው የልማት ክፍያ ነፃ ነው። ከዚያ ካለፈ ክፍያው ከዋናው ቤት ስፋት ጋር ተመጣጥኖ ይመጣል። የትምህርት ቤት ክፍያ ለብቻው ነው፤ ከ500 በታች ያለ ቤት አይከፍለውም። 760 ስኩዌር ፊት ፕላን ይዞ የሚመጣ አርክቴክት ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። በ10 ስኩዌር ፊት ምክንያት ብር ማውጣት ምን ይሉታል?

4. ጋራዥ ስትቀይሩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እኔም። የሁለት መኪና ጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ 20 በ20 ነው፣ 400 ስኩዌር ፊት። ለአንዲት እናት ይበቃል። ጥቅሙ ደግሞ ያለው ግድግዳ አጥር ላይ ቢለጠፍም እዚያው መቆየቱ ነው። የ4 ጫማው ርቀት አይመለከተውም። ጋራዡ አርጅቶ መፍረስ ካለበትም በዚያው ቦታና በዚያው መጠን መልሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ግን «ቀለም ቀብቼ፣ ሽንት ቤት አስገብቼ» የሚባል ነገር አይደለም። ጋራዥ የተሠራው ለመኪና ነው። ወለሉ ውሃ እንዲያወጣ ወደ በሩ ያዘነብላል። ከሥሩ እርጥበት የሚከለክል ላስቲክ ላይኖረው ይችላል። መሠረቱም በአብዛኛው ቀጭን ነው፤ መሐንዲሱ ዳር ላይ ቆፍሮ ማየት አለበት። ትልቁን የመኪና በር አውጥታችሁ ግድግዳ ስትሠሩ ከሥሩ መሠረት ላይኖር ይችላል። በጀት የሚያልቀው እዚህ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ «መሠረቱን አይተኸዋል?» በሉ። ሳያይ ዋጋ የሰጠ ሰው በኋላ ይጨምራል።

እሳትን በሚመለከት፣ ከድንበሩ ከ5 ጫማ በታች የራቀ ግድግዳ ለአንድ ሰዓት እሳት የሚቋቋም ሆኖ መሠራት አለበት። ከ3 ጫማ በታች ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል መስኮት አይከፈትም። ስለዚህ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ቀድማችሁ አስቡ። መኝታ ክፍሉ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት ያስፈልገዋል፤ የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። ጣሪያው ቢያንስ 7 ጫማ ነው። ዋናው ቤታችሁ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ እንዲኖረው የማይገደድ ከሆነ ኤዲዩውም አይገደድም።

ለብቻው የሚቆም አዲስ ኤዲዩ አብዛኛውን ጊዜ ሶላር ይጠየቃል። ጋራዥ መቀየር ግን አይጠየቅም። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ይህም ወደ ጋራዡ ያደላል።

አንድ የሐበሻ ነገር ልጨምር። ፕላኑ ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ሲሣል ለእንጀራ ምጣድ የራሱ የሆነ መስመር አስደርጉ። ከማይክሮዌቭና ከማቀዝቀዣ ጋር ከተጋራ እናታችሁ በጋገሩ ቁጥር ብሬከር ይወድቃል። የምድጃው ጭስ ማውጫም አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሁን፤ አጥርቶ እዚያው የሚመልሰው ዓይነት ለወጥ ቁሌት አይሆንም። ሕጉ የጭስ ማንቂያ ያስገድዳል። ቡና የሚፈላበትንና ዕጣን የሚጨስበትን ቦታ ከማንቂያው አርቁ፤ ካልሆነ ማንቂያው በጮኸ ቁጥር አልጋ ላይ ቆማችሁ ባትሪ ስትነቅሉ ትኖራላችሁ።

5. ፕላንና ፐርሚት

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ለናንተ ተብሎ የሚሣል ፕላን ነው። ሁለተኛው ቀድሞ የጸደቀ ፕላን ነው። ሎስ አንጀለስ ከ2021 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ፕላኖች አሉት፤ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ የግዛቱ ሕግ በየከተማው እንዲኖር ያዛል። ፕላኑን የሣለው ድርጅት ክፍያ ይጠይቃችኋል፤ ከተማው ግን ዋናውን ፕላን ስለመረመረው የሚቀረው የእናንተን ቦታ ማየት ብቻ ነው። ቦታችሁ ሜዳና አራት ማዕዘን ከሆነ ይህን ሳታዩ አትለፉ። ጋራዥ ለሚቀይር ግን አይሠራም።

ማመልከቻው ሲሟላ ከተማው በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ቀድሞ የጸደቀ ፕላን ከሆነ በ30። ስብሰባ የለም፣ የጎረቤት ተቃውሞ የሚሰማበት መድረክ የለም። ደንቡን ካሟላ ይፈቀዳል፣ አበቃ። ከተማው ዝም ካለና ቀኑ ካለፈ ማመልከቻው እንደጸደቀ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ «ሲሟላ» የምትለዋን ቃል አትርሱ። አንድ ወረቀት ከጎደለ ቀኑ መቆጠር አይጀምርም። የመጀመሪያው ምርመራ ደግሞ ሁልጊዜ የእርማት ዝርዝር ይዞ ይመጣል። አትደንግጡ፤ የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። ዝርዝሩን ለአርክቴክቱ የምትሰጡት በዚያው ቀን ይሁን። መዘግየት ሲመጣ ከተማው ይወቀሳል እንጂ፣ የእኔ ወረቀት አምስት ሳምንት ያደረው አርክቴክቱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

6. ገንዘብና ኮንትራክተር

«መንግሥት 40,000 ዶላር ይሰጣል» የሚል ወሬ አሁንም ይዞራል። ነበረ፤ የግዛቱ የቤት ፋይናንስ ድርጅት ለፕላንና ለፐርሚት ወጪ ይሰጥ የነበረ ድጋፍ ነው። ገንዘቡ በ2023 መጨረሻ አልቋል። ዛሬ ያንን አስገኝልሃለሁ ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቃችሁን ሰው ሽሹት። አብዛኛው ሰው በቤቱ ዋስትና ተበድሮ ነው የሚሠራው። እቁብ ደርሶት ፕላኑንና ፐርሚቱን የጨረሰም አለ፤ ለዚያ ይሆናል፣ ለሙሉ ቤት ግን አይበቃም።

ኮንትራክተሩን በሚመለከት ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሥራ ላይሰንስ (የሥራ ፈቃድ) ያለው ኮንትራክተር ይፈልጋል። የላይሰንስ ቁጥሩን ተቀበሉና በኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ፈልጉት። ላይሰንሱ በሥራ ላይ ነው? ስሙ ካነጋገራችሁት ሰው ጋር ይገጥማል? የሠራተኞች ጉዳት ኢንሹራንስ አለው? «ላይሰንሱ የአጎቴ ልጅ ነው» ከተባላችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ተሰነባበቱ። የአገር ልጅ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንቀድሳለን ማለት ላይሰንስ አይሆንም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ውድ ነው።

ቅድሚያ ክፍያ ከጠቅላላ ዋጋው 10 በመቶ ወይም 1,000 ዶላር፣ ከሁለቱ ያነሰውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለ200,000 ዶላር ሥራ ሕጋዊው ቅድሚያ 1,000 ዶላር ነው። «ዕቃ ልግዛበት፣ 30,000 ስጡኝ» ያለ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያም ሥራውን መቅደም የለበትም። መሠረቱ ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲደርስ ይህን ያህል ብላችሁ በውሉ ላይ አጽፉ።

ሌላም አለ። ለኮንትራክተሩ ከፍላችሁ እሱ ለቧንቧ ሠራተኛው ወይም ለእንጨት ሻጩ ካልከፈለ፣ እነሱ በቤታችሁ ላይ እገዳ ማስመዝገብ ይችላሉ። ሥራው ሲጀመር «ለዚህ ቤት ዕቃ እያቀረብን ነው» የሚል ወረቀት በፖስታ ይመጣል። ማስታወቂያ መስሏችሁ አትጣሉት፤ ስማቸውን መዝግቡ። ለኮንትራክተሩ በከፈላችሁ ቁጥር ከእነዚያ ሰዎች መብታቸውን የለቀቁበትን ፊርማ ተቀበሉ።

ፐርሚቱን በራሳችሁ ስም አውጥታችሁ ራሳችሁ ማሠራትም ይፈቀዳል። ግን ያኔ አሠሪው እናንተ ናችሁ። ሠራተኛ ከጣሪያ ቢወድቅ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ኮንትራክተር ነኝ እያለ «ፐርሚቱን አንተ አውጣው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አብዛኛውን ጊዜ ላይሰንስ የለውም።

7. ኢንስፔክሽን

ኢንስፔክተሩ፣ ማለትም የከተማው ተቆጣጣሪ፣ የሚመጣው በየደረጃው ነው፦ ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት፣ ቧንቧና መብራት ግድግዳ ውስጥ እንደገባ፣ የእንጨቱ አጥንት እንደቆመ፣ ሙቀት መከላከያው እንደገባ፣ በመጨረሻም ሁሉም ሲያልቅ። ደንቡ አጭር ነው፦ ሳይታይ አይሸፈንም።

የእኔ ሠራተኞች የፍሳሹን ቦይ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በኮንክሪት ሸፈኑት። ኢንስፔክተሩ የተቀጠረው ለሰኞ ነበር። ሰውየው መጣ፣ ወለሉን አየ፣ አንድ ቃል ጻፈና ሄደ። ኮንክሪቱን ሰብረን አሳየነው፤ ቧንቧው ምንም ችግር አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ የኢንስፔክሽን ካርዱን ከኮንትራክተሩ ተቀብዬ ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ፊርማ ሳይኖር ክፍያ የለም አልኩ። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ አድርጉ።

የመጨረሻው ኢንስፔክሽን ካለፈ ቤቱ ሰው ሊኖርበት እንደሚችል የሚገልጽ ፈቃድ ይሰጣችኋል። እሱ ሳይመጣ ተከራይ አታስገቡ።

8. ቀድሞ ያለ ፈቃድ የተሠራ ካለ

ብዙ ቤት ውስጥ አለ። ሰው ይኖርበታል፣ ማንም አያወራም። ከጥር 1 ቀን 2020 በፊት የተሠራ ከሆነ ከ2025 ጀምሮ የሚሠራው ኤቢ 2533 የሚባለው ሕግ ይረዳችኋል። ከተማው ቤቱ የዛሬውን የግንባታ ደንብ ስላላሟላ ብቻ ፈቃድ ሊከለክል አይችልም። የሚመለከተው ለጤናና ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር መኖሩን ነው፦ የተጋለጠ ሽቦ፣ የሌለ ማሞቂያ፣ የፈረሰ መሠረት፣ የመሳሰለውን። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ቀጥራችሁ በሚስጥር ማስመርመር ትችላላችሁ። መጀመሪያ ይህን አድርጉ፤ ምን እንደሚጠብቃችሁ አውቃችሁ ነው ወደ መስኮቱ የምትቀርቡት።

9. ካለቀ በኋላ

ኪራዩ ከ30 ቀን በላይ ለሆነ ጊዜ ይሁን። ለቱሪስት በቀን ለማከራየት ያሰበ ሰው ቀድሞ ሐሳቡን ይቀይር።

ዋናው ቤት ከጥቅምት 1 ቀን 1978 በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በግቢው ላይ ሁለተኛ ቤት ሲጨመር ዋናው ቤት በከተማው የኪራይ ቁጥጥር ሥር ሊገባ ይችላል። ዋናውን ቤት ለማከራየት ካሰባችሁ ይህን ከከተማው የቤቶች መምሪያ አጣሩ። ብዙ ሰው የሚሰማው ተከራይ ከገባ በኋላ ነው።

የቤት ግብሩ ይጨምራል፣ ግን እንደምትፈሩት አይደለም። የካውንቲው ገማች የሚተምነው አዲስ የተጨመረውን ብቻ ነው። ዋናው ቤት በድሮ ግምቱ ይቀጥላል። ዘግይቶ የሚመጣ ተጨማሪ የግብር ክፍያ መጠየቂያ አለ፤ ሲመጣ አትገረሙ።

ኤዲዩውን ለብቻው መሸጥ በአብዛኛው አይቻልም። ከ2024 ጀምሮ የግዛቱ ሕግ ለከተሞች ምርጫ ሰጥቷል፤ ሳን ሆዜ ቀድማ ፈቅዳለች። ከተማችሁ ካልፈቀደ ግን ሁለቱ ቤቶች አብረው ይሸጣሉ።

አዲሱ ቤት የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ የእናንተው ቁጥር ሆኖ ከጎኑ «ግማሽ» ይጨመርበታል። እናቴ ለአገር ቤት ዘመድ አድራሻዋን ስትናገር «ግማሽ ቤት ነው የሰጡኝ» ብላ አስቃናለች። ቁጥሩን ከመንገድ እንዲታይ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ አምቡላንስ የሚፈልገው እሱን ነው። በዚያው ሳምንት ለቤት ኢንሹራንሳችሁ ደውላችሁ አዲሱን ቤት አስገቡ።